ፒስተን ማለት

ብረት ላይ ተቃጥሎ የደረቀ ዘይት የራሱ የሆነ ሽታ አለው፤ ጢስም አይደለ፣ ቅባትም አይደለ። ትናንት ጠዋት ጋራዣችን ውስጥ የአንድ ጭነት መኪና ሞተር አውርደን ነበር። ባልደረባዬ አንዱን ፒስተን ከሲሊንደሩ ስቦ አወጣና ሳይጠርገው ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አናቱ ጠቁሯል፣ አንድ ጎኑ ተፍቆ አልቋል። "ይኼስ አበቃለት" አለና ወደ ሞተሩ ተመለሰ። እኔ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። በበሩ የገባው ፀሐይ ብረቱ ላይ ወድቆ ነበር፤ ከውጭ ባጃጆች ይንጣጣሉ። ሳላስበው ድምፅ አውጥቼ "ጲስጢስ" አልሁ።

"ምን አልሽ?" አለኝ ባልደረባዬ።

"ምንም" አልሁት።

ለእሱ ምንም አልሁት እንጂ ለአንተ ልንገርህ። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ለማንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውርቼው አላውቅም።

የተወለድሁት ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ጮቄ ሥር ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥቤ ለመሰናዶ ሳይበቃ ሲቀር ደብረ ማርቆስ ወርጄ ቴክኒክና ሙያ ተመዘገብሁ። የመረጥሁት አውቶ መካኒክ ነበር። እናቴ ስትሰማ "ልብስ ስፌት የለም ወይ?" አለችኝ። አለ አልኋት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም፤ ማደሪያ ወደ መፈለጉ ገባች። ያገኘችልኝ የሩቅ ዘመዷን መሪጌታን ነበር። ከከተማው ደብሮች በአንዱ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ከሰባ ያለፉ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ተድረው ወጥተዋል፤ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። ከተማሪዎቻቸው ጀምሮ እስከ ጎረቤቱ ድረስ ሁሉም የኔታ ይላቸው ነበር። እኔም የኔታ አልኋቸው።

ከማጀቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጡኝ። እናቴ በየሁለት ሳምንቱ አውቶብስ ላይ አንድ ጆንያ ድንች ትጭንልኛለች። ከትምህርት ስመለስ ባለቤታቸው ድንቹን ቀቅለው፣ አዋዜውን በጥልቅ ሳህን አድርገው ይጠብቁኛል። የኔታ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ የመጨረሻው ፀሐይ የሚያርፍበት መደብ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ይቀመጣሉ። እጄን ታጥቤ፣ ታጥቤም ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት አልለቅ ብሎኝ፣ ከአጠገባቸው እቀመጣለሁ። ድንቹን እየላጥሁ እሰጣቸዋለሁ። ያኔ ይጠይቁኛል።

"እስቲ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ?"

እነግራቸዋለሁ። ፍሪሲዮን እላለሁ፣ ካርቡራተር እላለሁ። እሳቸው ዕቃው ምን እንደሚሠራ ከመጠየቃቸው በፊት ቃሉን ይጠይቁኛል። "ምን ማለት ነው? ከምን ይወጣል?" ለቅኔ ሰው ቃል ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሚወጣበት ግስ አለው፣ ዘመድ አለው። እኔ ግን አላውቅም። "አላውቅም የኔታ" እላለሁ። "ጠይቂያ" ይሉኛል፤ ቁጣ የለበትም፣ ብቻ ይገርማቸዋል። ስሙ ከምን እንደመጣ ሳይነገራት አንዲት ልጅ ቀኑን ሙሉ ዕቃውን ስትፈታና ስትገጥም መዋሏ አይገባቸውም ነበር።

አሰልጣኛችንን ጠየቅሁት። ጥሩ ባለሙያ ነው፣ ሞተርን በድምፁ ብቻ የሚያውቅ፤ ለቃል ግን ጊዜ አልነበረውም። "ፒስተን ማለት ፒስተን ነው" አለኝ። "ምዘና ላይ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።" አንድ ቀን ብቻ፣ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ እያጸዳን ሳለ፣ ራሱ ደስ ብሎት እንደዋዛ "ካንዴላ ጣልያንኛ ነው፣ ሻማ ማለት ነው" አለ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድሁት በሩጫ ነው ማለት ይቻላል።

የኔታ ሲሰሙ የያዙትን ድንች ወደ ሳህኑ መለሱት። "ሻማ!" አሉ። ቀጥለው ወደ ቤት ውስጥ ተጣሩ፤ "ሰማሽ ወይ? መኪና ሆዱ ውስጥ ሻማ አብርቶ ነው የሚሄድ!" ባለቤታቸው ከማጀት "እሰይ፣ ይብራለት" አሉ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በዚያ ምሽት ሁለት ሦስት ጊዜ ለብቻቸው "ሻማ" ሲሉ ሰማኋቸው። ለእኔ ያ ደስታቸው ምን እንደነበር ልነግርህ ይቸግረኛል። መንገድ ላይ ቱታዬን የሚያይ ሁሉ ይጠቋቆምብኝ ነበር። በዚያች መደብ ላይ ግን የተማርሁት ነገር ክብር ነበረው።

የሚቀጥለው ነገር የሆነው ከዚያ አንድ ሳምንት ቆይቶ ነው።

በተግባር ፈተና ላይ ሞተር እንድንገጥም ታዘዝን። ፒስተን አናቱ ላይ ትንሽ ቀስት አለችው፤ ቀስቷ ወደ ሞተሩ ፊት መዞር አለባት። እኔ አንዱን ወደ ኋላ አዙሬ ገጠምሁት። አሰልጣኙ ዓይቶ ምንም አልተቆጣም፤ ክፍሉን ሁሉ ጠርቶ "ስሕተቱን ፈልጉ" አለ። ሃያ አንድ ወንዶች ተደፍተው አዩት። አንዱ ከኋላ "እሷ በርበሬ ትውቀጥ!" አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አሰልጣኙ ዝም አሰኛቸው፤ ግን እሱም ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ።

ካፊያ ነበር። ቤት ስደርስ የኔታ ወደ በረንዳው ተጠግተው ተቀምጠዋል። ፊቴን አላዩትም፤ ዓይናቸው እስከዚያ አይደርስም። ድምፄን ግን ሰምተዋል መሰለኝ፣ ከወትሮው ቆይተው ነው የጠየቁኝ።

"ዛሬስ?"

"ፒስተን" አልሁ።

"ምን ማለት ነው?"

ዝም አልሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አላውቅም እላለሁ። በዚያ ቀን ግን ያቺን አንዲት ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ቀኑን ሙሉ አለማወቄን ሕዝብ ሲያየው ውሏል። እሳቸው ዝምታዬን ያሰብሁ መስሏቸው አብረውኝ አሰቡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን እያዞሩ ይቀምሱታል። ድንገት ቀና አሉ።

"ጲስጢስ ይሆን?" አሉ። "በጽርእ፣ በግሪክኛው ማለቴ ነው፣ ጲስጢስ እምነት ማለት ነው። እሳት ሳይበላት የቀረች አንዲት ሰማዕትም በዚህ ስም ትጠራለች። ፈረንጆች ብዙ ቃል ከጽርእ ይወስዳሉ። መጽሐፋችሁ ምን ይላል?"

"እንደሱ ይላል" አልሁ።

"አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ የኔታ። መጽሐፉ ላይ አለ።"

ይኸው ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። ሌላው ሁሉ ከዚህች የመጣ ነው። ለእሳቸው መጽሐፍ ላይ አለ ማለት ክርክሩ አለቀ ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አላውቅም ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። ፊታቸው በራ። ከዚያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ስዕል ስለማይታያቸው ከማጀት ባዶ ጣሳ አመጣሁና ቡጢዬን ጣሳው ውስጥ አስገብቼ በእጃቸው አስዳሰስኋቸው። እሳቱ ከላይ ይነዳል፣ ፒስተኑ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ጎማው ደጅ ሆኖ ይዞራል፤ ይህን ሁሉ በትክክል ነገርኋቸው። እሱስ እውነት ነበር። ጣሳውን ራሳቸው ተቀብለው ቡጢያቸውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲያመላልሱ ባለቤታቸው ዓይተው "ኧረ እጅዎ እንዳይቆረጥ" አሏቸው።

የደብሩ በዓል ደረሰ። በዋዜማው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በሰው ተሞላ። እኔ ከሴቶቹ ጋር በመስኮቱ በኩል ቆምሁ። ውስጥ ጧፍና እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ቆርቆሮው ላይ በረዶ እየወረደ ስለነበር ቅኔ ሲሰጥ ብዙ አልተሰማኝም። የየኔታ ተራ ሲደርስ ግን በረዶው አባርቷል። አምስቱን ቤት ረጋ ብለው አወረዱት። ግእዙ ዛሬ በትክክል አይመጣልኝም፤ ያኔም ግማሹን ነው የተረዳሁት። በኋላ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ተርጉሞልኛል። ጲስጢስ በብረት ቤት ከእሳት ጋር ተዘግታለች፤ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ አትቃጠልም፤ ደጅ የቆመ ሰው የሚያየው መንኮራኩሩ ሲዞር ብቻ ነው። ይህ ሰሙ ነው። ወርቁ እምነት በሰው ልብ ተሰውራ ምግባሩን እንደምታዞር ነው። የመጨረሻው ቤት ሲያልቅ ውስጡ በአንድ ድምፅ "ይበል! ይበል!" አለ። ከአጠገቤ የቆሙ ሴትዮ ምኑም ሳይገባቸው አለቀሱ። እኔ ኮራሁ። አትፍረድብኝና፣ የመጀመሪያው ስሜቴ ኩራት ነበር።

በዘልማድ ቅኔ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልፍ ነው፤ ሊቁ ራሱ አይደግመውም። ይሄኛው ግን አላለፈም። ተማሪዎቹ ጻፉት። ከእነሱ አንዱ ለእረፍት ደብረ ኤልያስ ሲሄድ ይዞት ሄደ፤ ደብረ ኤልያስ ደግሞ ቅኔ የሚመረመርበት አገር ነው። ሲመለስ መልእክት ይዞ መጣ። እዚያ ያሉ አንድ የታወቁ መምህር ቅኔውን ወደውታል፤ ነገር ግን የቃሉን ምስክር ማየት ይፈልጋሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ወደ ማርቆስ መምጣታቸው ስለማይቀር፣ መጽሐፉን ቢያሳዩኝ ብለዋል።

የኔታ ሳቁ። "ምስክርማ ሞልቶ!" አሉት ተማሪውን። "ልጄ በዓይኗ ያየችው ነው።" ወደ እኔ ዞረው "መጽሐፉን ታመጭዋለሽ አይደል?" አሉኝ።

"አመጣዋለሁ" አልሁ።

ያን ሁለት ሳምንት ምን በልቼ ምን እንደጠጣሁ አላስታውስም። መጀመሪያ ያሰብሁት፣ ምናልባት እውነት ቢሆንስ የሚል ነበር። የየኔታ ግምት ትክክል ሆኖ ቢገኝ ውሸቴ ውሸት መሆኑ ይቀራል። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከደሴ የመጣች ወጣት ነበረች፤ ከእኛ በብዙ አትበልጥም። ሻርፗን ሁልጊዜ በአንዲት አረንጓዴ መርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች። ከመሳቢያዋ ውስጥ አንድ እጅ የማይችለው ወፍራም መዝገበ ቃላት አለ። ለከተማው እንግዳ ስለሆነች ነው መሰለኝ፣ ሰው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሲያናግራት ደስ ይላታል።

"ቲቸር፣ ፒስተን የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ መዝገበ ቃላቱ ላይ ይኖራል?" አልኋት።

"ይኖራል እንጂ!" ብላ ገለጠችው። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ሳቀች፤ ጥሩ ነገር ያገኘ ሰው ሳቅ ነው። "ስሚ ደግሞ። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ ነው፣ ፈረንሳይኛው ከጣልያንኛ። ጣልያንኛው መውቀጥ ከሚለው ነው። ትልቅ ዘነዘና ማለት ነው! ፒስተን ዘነዘና ነው!"

እኔ አልሳቅሁም። በርበሬ ትውቀጥ ያለኝ ልጅ ትዝ አለኝ፤ ሳያውቅ የቃሉን ትርጉም ነው የነገረኝ። ያ እንኳ ደስ ሊያሰኘኝ አልቻለም።

"ምነው?" አለችኝ። "ከግሪክ አይመጣም?" አልኋት። ደግማ አየችልኝ። አይመጣም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። መምህሩ በሚመጡበት ጉባኤ ላይ እንግሊዝኛ የሚያነብ ማን አለ? የትኛውንም መጽሐፍ ይዤ ሄጄ፣ ገልጬ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቤ፣ እንዲህ ይላል ብል ማን ያውቃል? የምለውን ሁሉ በቃሌ አጥንቼው ነበር። ክፍሌ ውስጥ በሩን ዘግቼ በሹክሹክታ ተለማምጄዋለሁ። ብዙ ሰው እዋሻለሁ ብሎ አይዋሽም፤ እኔ ግን ያን ሰሞን ተዘጋጅቼ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ዓርብ ከሰዓት ነው። ስገባ የኔታ ተማሪዎቻቸውን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ያስተምራሉ። የቃል አወጣጥ እያስረዱ ነበር። "ባዕድ ቃል እንኳ ቢሆን ሥሩን ፈልጉ፣ ፒስተን እንዳልኋችሁ፣ ከጲስጢስ" አሉ። ተማሪዎቹ አቀርቅረው ጻፉት። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። አምስት ደብተር ላይ አምስት ጊዜ ተጻፈ። እነዚህ ልጆች ነገ መምህር ይሆናሉ። በጓዳ በር ገብቼ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ አልሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት የኔታ ለብቻቸው መደቡ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው ትንሽ እልፍ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ሄጄ ፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

"የኔታ፣ መጽሐፉ ላይ የለም" አልሁ።

"የቱ?"

"ጲስጢስ። መጽሐፉ ላይ አለ ብዬዎት ነበር። የለም።"

"አይቼዋለሁ ብለሽኛል።"

"አላየሁም።"

 ባለቤታቸው ምስር መልቀማቸውን አቆሙ። ቢሆንልኝ ኖሮ በዚያች ሰዓት ከጎረቤት የሙቀጫ ድምፅ ተሰማ ብዬ እነግርህ ነበር፤ ጥሩ ይመጣ ነበር። አልተሰማም። የተሰማው ዳገቱን የሚያቃስት ባጃጅ ነው።

"እውነተኛው ምንድን ነው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ዘነዘና። ከጣልያንኛ ነው። መውቀጥ ከሚለው።"

"ዘነዘና" አሉ። ቃሉን ሲሉት ልክ እንደ ሌላው ቃል ቀመሱት። ቀጥሎ ፊታቸው ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት፤ ቅኔው አንድ በአንድ ሲፈርስ እየታያቸው ነበር።

ባለቤታቸው "ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ፣ ልጅ ናት" አሉ።

"ልጅ አይደለችም" አሉ የኔታ። "ሞተር ትፈታለች።"

ከዚህ የከበደ ቃል የተናገረኝ ሰው እስካሁን የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጥቂት ቆይተው "ነገ መጽሐፉን፣ እውነተኛውን፣ ይዘሽ ነይ" አሉኝና ተነሥተው ገቡ።

እሑድ ጠዋት አስተማሪዬ ቤት ሄጄ መዝገበ ቃላቱን ተዋስሁ። ለምን እንደሆነ ነገርኋት። ጠቅላላውን ከሰማች በኋላ በፌስታል ጠቀለለችልኝ፤ ደመና ስለነበር። "ገጹን ምልክት አድርጌልሻለሁ" አለችኝ በሩ ላይ።

ከቅዳሴ በኋላ ሊቃውንቱ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ወይራው ሥር ተቀመጡ። የደብረ ኤልያሱ መምህር ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የኔታን በአክብሮት ነው ሰላም ያሏቸው። ተማሪዎቹ ከኋላ ቆመዋል። እኔ ከሁሉም ራቅ ብዬ፣ መጽሐፉን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ስሜ የሚጠራበትን እጠብቃለሁ። የኔታ ግን እኔን አልጠሩም። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"በዋዜማው ጲስጢስ ብዬ ተቀኝቼ ነበር" አሉ። "ቃሉን ከጽርእ አውጥቼው ነበር። ከጽርእ አይደለም። ከጣልያን ነው። ዘነዘና ማለት ነው። ተሳስቻለሁ። የጻፋችሁ ሰርዙት።"

ተቀመጡ።

 ከዚያ ከተማሪዎቹ መሐል አንዱ፣ ለጓደኛው ብቻ መናገሩ ነበር፣ "ሰማዕቷ ዘነዘና!" አለ። ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። አንድ ሽማግሌ ቄስ እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። የኔታ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ያቺን ጆሮ ዛሬም አያታለሁ።

የደብረ ኤልያሱ መምህር አልሳቁም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው "መጽሐፍ ላይ አለ የተባለውስ?" አሉ።

"ግምቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ" አሉ የኔታ። "ልጅቱ ያለችው አዎ ብቻ ነው። ሽማግሌ መቃወም ከብዷት ነው።"

እውነት ነበር፤ ግን ግማሽ እውነት ነበር። ለእኔ ብለው ግማሹን ሲተዉት ሰማሁ። እግሬ እንዴት እንደተራመደ አላውቅም፤ መሐል ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

"አይደለም" አልሁ። "አይተሽዋል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ሳላይ አይቼዋለሁ አልሁ። ዋሽቼ ነው።"

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ርግቦች ቆርቆሮው ላይ ይራመዳሉ፤ ጥፍራቸው ይሰማል። መምህሩ ወደ መጽሐፉ ጠቆሙ።

"በይ ያሁኑን አንብቢው" አሉ።

ፌስታሉን ፈትቼ መጽሐፉን ገለጥሁ። እንግሊዝኛውን አነበብሁ። ከዚያ በአማርኛ አንድ በአንድ ተረጎምሁላቸው። መምህሩ መጽሐፉን ተቀብለው፣ የማያነቡትን ጽሑፍ ገጽ በገጽ ገለጡ። "ይህ ሁሉ የቃል አወጣጥ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኋቸው። "ሞተርስ ምን ይላል?" ፈለግሁላቸው። የሚያንቀሳቅስ ማለት ነው፣ ከላቲን ነው። "ይኼስ ስሙን ይመስላል" ብለው መጽሐፉን መለሱልኝ። ወደ የኔታ ዞረውም "ቅኔው ግን መልካም ነበር" አሉ። የኔታ "ምስክር ከሌለው ምን ይሆናል" ብለው መለሱ። ጉባኤው በዚያው ተፈታ።

በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርህ። ባለቤታቸው ለአንድ ሳምንት ከሚያስፈልገው በላይ አላነጋገሩኝም። ከዚያ አንድ ቀን ድንቹን ቀቅለው ቀድመው ጠበቁኝ፤ በዚያ አለፈ። የኔታ ስለ ሞተር ዳግመኛ አልተቀኙም። ተማሪዎቹ ደግሞ ስም አወጡላቸው፤ መሪጌታ ዘነዘና አሏቸው። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ ገበያ ላይ ሳይቀር። እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት። እኔ ምዘናውን አልፌ ፍኖተ ሰላም አንድ ጋራዥ ተቀጠርሁ። ከሁለት ክረምት በኋላ ባለቤታቸው ደወሉልኝ። ከመኪና ሥር ተኝቼ ነበር፤ ስልኩን በዘይት እጄ አነሣሁት። ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንዱ "የየትኛው መሪጌታ ለቅሶ ነው?" አለ። ሌላው "የዘነዘናው" አለው። ክፋት አልነበረበትም፤ ለመለየት ያህል ነው። እኔ ግን ተነሥቼ ወጣሁ።

ትናንት ያን ፒስተን በጨርቅ እየጠረግሁ ሳለ የመጣብኝ ግን ለቅሶው አይደለም። ጉባኤውም አይደለም። ከጉባኤው በኋላ ያለው መንገድ ነው።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ የኔታ ተነሥተው ወደ በሩ አመሩ። ሁልጊዜ የሚመራቸው ተማሪ ነበር፤ በዚያ ቀን ተማሪ አልጠሩም። እኔ ከኋላቸው፣ ሦስት አራት እርምጃ ርቄ፣ መጽሐፉን አቅፌ ተከተልኋቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልመው ሲያበቁ ቆሙ። በትራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። መጀመሪያ ምን እንደፈለጉ አልገባኝም። ሲገባኝ ሄጄ ከእጃቸው ሥር ቆምሁ። ትከሻዬን ያዙ። እጃቸው ቀላል ነበር።

ቁልቁለቱን ወረድን። ዝናቡ ጠዋት መጥቶ ሄዷል፤ ባሕር ዛፉ ይሸታል። ከአንድ ሱቅ ራዲዮ ይሰማል። ከሰፈራችን መታጠፊያ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው

"ፈርተሽ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ የኔታ። በጣም።"

ጥቂት ተራመድን።

"እኔም ፈርቼ ነበር" አሉ።

መንገዱ መሐል ላይ ውኃ ቋጥሮ ነበር። በቀኝ በኩል አዞርኋቸው።